የእትዬ ፋጡማ ግቢ በኩንሚንግ

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ከጥርስ ሐኪም አውጥቼ ወደ ቤት ስመልሳቸው ራበን አሉኝና፣ ዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ሀቫና ጎዳና ላይ በቅርቡ የተከፈተ አንድ የኑድል ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ይዣቸው ገባሁ። ያስገባኝ በሩ ላይ የተለጠፈው «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አስተናጋጁ የበሬ ሥጋ ሾርባውን አምጥቶ ፊቴ ሲያስቀምጠው ግን ላዩ ላይ የተበተነው ትኩስ ናና በእንፋሎቱ እየጠወለገ ሽታውን ለቀቀው፤ ናናና የበሬ መረቅ፣ ከሥራቸውም በዘይት የተጠበሰ በርበሬ። ማንኪያውን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ናናን ከሻይ አውጥቶ ሥጋ ላይ የሚጥል ሰው እኔ ያየሁት አንድ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ከተማ የሄድኩት አንዴ ነው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ። ሴት ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ ኢዝ ኢት ቱ ሆት?» አለችኝ። «አይ፣ ደህና ነው፤ ብዪ» አልኳት፤ የራሴ ሾርባ ግን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልቀመስኩትም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት የምንኖረው እዚያው ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ፣ ግድግዳው የቸኮሌት ቀለም በተቀባ ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ደንበኞች ለክተው የጣሉትን ልብስ ቀኑን ሙሉ ስታጥፍ ትውልና ቤት ስትገባ የእኛን ለማጠፍ እጇ እምቢ ይላታል። ስለዚህ የሳምንቱ ልብስ ሁሉ ተጠራቅሞ ቅዳሜ ጠዋት በከረጢት ይታሰርና፣ እናቴ እኔን አስከትላ ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ማጠቢያ ክፍል ትወርዳለች። ክፍሉ የሳሙና ሽታና የማድረቂያ ማሽን ሙቀት የማይለየው ስለነበር ውጭ በረዶ ሲጥል ልብሱ የደረቀለት ሰው እንኳ ቶሎ አይወጣም ነበር። እትዬ ፋጡማን ያገኘናቸው እዚያ ነው።

አጭር፣ በሹራብ ላይ ሌላ ሹራብ የደረቡ፣ ነጭ ሻሻቸውን እንደ ቆብ ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ቻይናዊት አሮጊት ነበሩ። መጀመሪያ የእናቴን ሻሽ አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እንደሚያፍር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። እናቴ የያዘችው የአባቴ ካልሲ ከእጇ ወደቀ። «ወአለይኩሙ ሰላም» ብላ መለሰችና፣ እኔን ዓለምን ዞሬ ያየሁ አስመስላ፣ «ያ ረቢ፣ ቻይናም ውስጥ አለን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የቤተሰባቸው ስም ማ መሆኑን የሰማነው ከልጃቸው ከሊን ነበር። እናቴ «እማማ ማ» ብላ ልትጠራቸው ሞክራ የምትንተባተብ ስለመሰላት ተወችው። አሮጊቷም ችግሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው በእስልምና የወጣላቸውን ስም ነገሯት፤ ፋጡማ። የእናቴ አክስት ፋጡማ ይባሉ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ አሮጊቷ እትዬ ፋጡማ ሆኑ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥም ከእኛ ቤት በቀር በዚህ ስም የሚጠራቸው አልነበረም።

ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። እትዬ ፋጡማ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የእናቴም እንግሊዝኛ ከመደብሩ በር አያልፍም ነበር። የነበራቸው በሶላትና በዱዓ የሚያውቋቸው ጥቂት የአረብኛ ቃላት ናቸው፣ በእነሱ ግን ግማሽ ቀን ሲጫወቱ ሊውሉ ይችላሉ። «ሱብሃነላህ» ሲባል በረዶው በዛ ማለት ነው። «አልሃምዱሊላህ» እንደ ድምፁ ይለያያል፤ ከፍ ካለ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ዝቅ ካለ ጉልበቴን አሞኛል፣ በረጅም ትንፋሽ ከወጣ ግን የማይነገር ነገር አለ ማለት ነው። «ኢንሻአላህ» ደግሞ አዎ፣ አይደለም፣ ነገ፣ እንጃ፣ እንዲሁም ይኼኛው ማሽን ተበላሽቷል ነበር። እኔ አማርኛም እንግሊዝኛም የምችለው፣ ትምህርት ቤት የምሄደው ልጅ ከእነሱ እኩል መግባባት አቅቶኝ ልብስ እያጠፍኩ አዳምጣቸው ነበር።

እትዬ ፋጡማ ኦሮራ የመጡት ሊን ስትወልድ ለጥቂት ወራት ሊያርሷት ነበር። ሊን እንግልውድ ሆስፒታል ውስጥ ላብራቶሪ ትሠራለች፤ ባሏ ትቷት ሄዷል። አሮጊቷ ሊመለሱ ሲሰናዱ ሁለቱም ኩላሊታቸው እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ ነጭ ሚኒባስ በራችን ድረስ እየመጣ ይወስዳቸውና ደማቸውን በማሽን አሳጥበው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ደረጃውን እየተደገፉ ይወጣሉ። አንድ ቀን የሚለቃቸውና በማግስቱ የሚጠራቸው ገመድ ነበር ያሰራቸው፤ ገመዱ ከኦሮራ አያልፍም።

እህታቸው አይሻ ቻይና፣ ኩንሚንግ ቀርተዋል። ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁለቱ የተወለዱበትን የአባታቸውን ቤት ይጠብቃሉ። እትዬ ፋጡማ እኛ ቤት ሲመጡ ስለዚያ ከተማ በቃል መናገር ስለማይችሉ ጠረጴዛችን ላይ ይዘረጉልን ነበር። የስኒ ማስቀመጫ ሳሕኑ ሐይቁ ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬው ሁለቱ የጥንት ማማዎች ናቸው፤ የሻይ ጀበናው መስጊዱ ነው፤ ከመስጊዱ ጀርባ የምትቀመጠው አንዲት ተምር ደግሞ ቤታቸው። በጣታቸው ከሐይቁ ተነሥተው በማማዎቹ መሃል አልፈው፣ መስጊዱን ዞረው ተምሯ ጋ ሲደርሱ ያርፉና ፈገግ ይላሉ። በአንድ ረመዳን፣ የማፍጠሪያው ሰዓት መግሪብ ሲደርስ ታናሽ ወንድሜ ሳይጠይቅ ቤታቸውን አንስቶ በላው። እናቴ ልትቆጣው አፏን ስትከፍት እትዬ ፋጡማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ሌላ ተምር አስቀመጡ።

ዴንቨርና ኩንሚንግ እህትማማች ከተሞች ናቸው። ይኼን ያወቅሁት በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ የታሪክ አስተማሪያችን በሰመር እረፍት ጥቂት ተማሪዎች ይዞ ወደዚያ እንደሚሄድ ሲነግረን ነው። ተመዝግቤ ተመረጥኩ። ችግሩ አባቴ ነበር። «ዴንቨር መሃል ከተማ ብቻሽን በአውቶቡስ እንድትሄጂ ያልፈቀድኩ ሰውዬ ቻይና ልስደድሽ?» አለኝ። እናቴ ከኩሽና ሳትወጣ «ምን ችግር አለው? እዚያ ሰው አለን» አለችው። «ማነው ደግሞ ቻይና ያለን ሰው?» «የእትዬ ፋጡማ እህት አሉ።» አባቴ ሊስቅም ሊቆጣም አስቦ ሁለቱንም ተወና «እንዲያ ከሆነማ» አለ። አገር ቤት ዘመድ አለ የተባለበት ቦታ ሁሉ ሲሄድ የኖረ ሰው ነዋ።

ከመሄዴ በፊት እትዬ ፋጡማ ከጥቁር ሱፍ በራሳቸው እጅ የሠሩትን የጉልበት ማሞቂያ ለእህታቸው ሰጡኝ። ሊን አብራቸው መጥታ ነበርና የሚሉትን እየሰማች በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «ግቢው ውስጥ የሮማን ዛፍ አለ፤ ሥሩ ተቀመጪና ዝም ብለሽ እዪልኝ ትልሻለች።» ከዚያ አሮጊቷ እጄን ያዙና ሌላ ነገር ተናገሩ፤ ሊን ተረጎመችልኝ። «ስለ ማሽኑ ለአክስቴ እንዳትነግሪያት። አክስቴ የምታውቀው እናቴ እዚህ የቀረችው ልጄን ለማሳደግ እንደሆነ ነው። እንደዚያው ይምሰላት፤ አደራ።» አደራ የሚለውን ቃል ሊን አልተናገረችውም፤ እጄን ከያዘው እጅ ነው የሰማሁት።

ኩንሚንግን የጎበኘነው ሻዎ ሜይ ከምትባል፣ በእንግሊዝኛ ከምታስጎበኘን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ነበር፤ ከሲታ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ዣንጥላ የምትይዝ ልጅ። ከተማው እንደ ኦሮራ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሁሉ ነገር ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ሌሎቹ ቤተ መቅደሶች ወደ ላይ ሲወጣባቸው እዚያ ያየነው አንዱ ግን ከበሩ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች ኩሬ አለ፣ ኩሬው ውስጥ ኤሊዎች አሉ፣ አሮጊቶች ዕጣን ይዘው ሲሰግዱ ከአጠገባቸው አንድ መነኩሴ ወገቡ ላይ የጠራውን ፔጀር የሚባል የጥሪ መሣሪያ እያጠፋ ያልፋል። ሐይቁ ዳር ሽማግሌዎች ባለ ሁለት ክር መሰንቋቸውን ይገዘግዛሉ፤ ከኋላቸው የመስታወት ሆቴል በክሬን ይሠራል፤ የመዶሻው ድምፅ ሲበረታ እነሱም ጠንከር አድርገው ይገዘግዙታል። ከጥንቶቹ ማማዎች አንዱ አናቱ ላይ ሣር በቅሎበት ሰማያዊ መስታወት ከለበሰ ባንክ ጎን ቆሞ ነበርና በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይታያል። የእትዬ ፋጡማ ጨውና ቁንዶ በርበሬ በጠረጴዛው ላይ የተራራቁት በጣት ስለነበር፣ በሁለቱ ማማዎች መሃል በእግር ስንሄድ እንደዚያ መድከሜ አስገርሞኛል።

መሃል ከተማ ላይ ደግሞ ሁለት ታላላቅ የእንጨት በሮች በቀይና በወርቅ ቀለም እየተቀቡ ነበር። ሻዎ ሜይ የጥንት ቅርሶቻችን ናቸው አለችን። ከእኛ አንዱ ቀለሙን ነክቶ ጣቱን አሳያት፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። «ድሮ ፈርሰው ነበር፤ አሁን አሮጌውን እንደ አዲስ እየሠራነው ነው» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም አብራን ሳቀች። በሚቀጥለው ዓመት ለዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከተማው በሙሉ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ መንገዱ ይሰፋል። ሠርግ እንደ ደረሰበት ቤት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ገበያ ሲሄዱ አስተማሪያችን ከሻዎ ሜይ ጋር እንድሄድ ፈቀደልኝ። የጠረጴዛውን ካርታ በቃሌ ይዤ ነበርና ከሐይቁ እስከ ማማዎቹ፣ ከማማዎቹ እስከ መስጊዱ እኔ መራሁ፣ እሷ የየቦታውን ስም መንገደኛ እየጠየቀች አረጋገጠች። የሙስሊሞቹ ሰፈር መንገድ ጠባብ ነው፤ በግራ በኩል ያሉት ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤቶች በራቸው ላይ የበሬ ሥጋ ሰቅለዋል፣ ከፊታቸው ሰሃን ሙሉ ናና ተቆልሏል። በቀኝ በኩል ግን ፍርስራሽ ብቻ ነው ያለው፤ ቤት የለም። ጡብና የተሰባበረ የጣሪያ ሸክላ፣ ከመሃሉ አንድ ደረጃ ብቻውን ወደ ላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ያበቃል። በግራ በኩል ባሉት ቤቶች ግድግዳ ላይም በነጭ ቀለም አንድ ፊደል ተጽፎ ተከቦበታል፤ በየበሩ ያው አንድ ፊደል ነው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

ሻዎ ሜይ ዣንጥላዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ይፈርሳል ይላል።»

«የትኛው?»

«የተጻፈበት ሁሉ።»

መስጊዱ ጣሪያው ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለሰ፣ በውጭ ሲያዩት ቤተ መቅደስ የሚመስል ነው፤ ገብቼ ግን ከውስጥ አንድ ሽማግሌ ቁርኣን በዜማ ሲቀሩ ስሰማ የእኛው ነበር። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ እዚያ ሰግጄ ወጣሁና ከጀርባው ዞርን። ተምሯ ያለችበት ቦታ ላይ ዝቅ ያለ የእንጨት በር አገኘን። ያ ነጭ ፊደል እሱም ላይ ነበር።

የከፈቱልን አሮጊት እትዬ ፋጡማን አሳጥረውና አክስተው ያስረጇቸው ይመስላሉ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው። ሻዎ ሜይን ትተው እኔን አዩ፤ ሻሼን አዩ፤ ጉንጬን በጣታቸው ነኩ። ሻዎ ሜይ ከየት እንደመጣሁና ማን እንደላከኝ ስትነግራቸው እጄን ይዘው እየጎተቱ አስገቡኝ። ግቢው ከእኛ የኦሮራ ሳሎን አይሰፋም፤ በአራት በኩል በእንጨት ቤት ተከቧል፣ መሃሉ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ የሮማኑ ዛፍ። ከዛፉ ሥር ዝቅተኛ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ጉልበት ማሞቂያውን በዚያ ሙቀት፣ ከሱሪያቸው በላይ፣ ወዲያው አጠለቁት።

«እህቴ ወፍራለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁለት ሹራብ ስለሚደርቡ አይታወቅም» አልኳቸው። ሻዎ ሜይ ስትተረጉምላቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ቀዝቃዛ የበሬ ሥጋ በስሱ ቆርጠው፣ በርበሬ ነስንሰው፣ ናና ጥለውበት አቀረቡልን። ከግድግዳው ማዶ አንድ የማፍረሻ ማሽን ይሠራ ነበር፤ በመታ ቁጥር የሮማኑ ቅጠል ይንቀጠቀጥና ብናኝ ይወርዳል፣ እሳቸውም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሰሃኑን በመዳፋቸው ይከልሉታል። የግራ ጎረቤታቸው ጣሪያ እዚያ መሆን ነበረበት፤ አሁን ያለው ባዶ ሰማይ ነው። ሻዎ ሜይ ለምን እስካሁን እንዳልወጡ ጠየቀቻቸው።

«ቤት ሰጥተውኛል፤ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ከከተማ ወጣ ይላል፤ ውሃው ከግድግዳ ይመጣል። ጥሩ ቤት ነው፣ አልጠላሁትም» አሉ። «እህቴ የምታውቀው ግን ይኼን በር ነው። መጥታ የምታንኳኳው ይኼን ነው። መቼ ነው የምትመጣው?»

ሻዎ ሜይ ጥያቄውን ከተረጎመችልኝ በኋላ እሷም መልሱን ለመስማት አፌን ታየኝ ጀመር። ነጩን ሚኒባስ አሰብኩ፤ ደረጃውን እየተደገፉ ሲወጡ ያየሁትን ፊት አሰብኩ። «ኢንሻአላህ» አልኩ። መተርጎም አላስፈለገውም። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ አላቸው።

ይዤ በሄድኩት፣ አንዴ አንስተውበት በሚጣል ርካሽ ካሜራ ከዛፉ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ፎቶ አነሣኋቸው። ልንወጣ ስንል በሩ ላይ አቁመው ክንዴን ያዙኝ፤ ስለ ቤቱ ለእህቴ እንዳትነግሪያት አሉኝ። የልጅ ልጇን እያሳደገች ነው፤ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብትባል ሁሉን ጥላ ትመጣለች፤ ልጄ ተቸገረች ብላ ደግሞ እዚህ ስታለቅስ ትኖራለች። ቤቱ ደህና ነው በዪያት አሉኝ። እኔ ምን ልበላቸው እችላለሁ? አንዷ ስለ ማሽኑ እንዳልናገር፣ አንዷ ከግድግዳው ማዶ ስላለው ማሽን እንዳልናገር፣ ሁለት እህቶች እየተዋደዱ በሁለት በኩል አፌን ዘጉት። ሆቴል እስክንደርስ ዝናቡ ያዘን፤ ሻዎ ሜይ ዣንጥላዋን እኔ ላይ ብቻ ይዛ ራሷ በሰበሰች።

ስመለስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከመደብሩ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። «ሁለቱም አደራ ነው» አለች። «አንዱን ጠብቀሽ ሌላውን አትበዪውም። ለልጃቸው ለሊን እንንገራት።» ቅዳሜ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሊንን አገኘናት፤ እኔ በእንግሊዝኛ መናገር ስጀምር የልጇን ልብስ ማሽኑ ውስጥ እየከተተች ነበር፤ ሳትቆም ሰማችኝ። ከዚያ ክዳኑን ዘግታ ግንባሯን አስደገፈችበት።

«አውቃለሁ» አለች። «ካለፈው የበረዶ ወራት ጀምሮ አውቃለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ደውሎ ነግሮኛል። ለእናቴ ብነግራት ማሽኑን ትታ ትሄዳለች፣ መንገድ ላይ ትሞትብኛለች። ለአክስቴ ብነግራት ደግሞ የእህቷ ነገር ልቧን ይሰብራታል። ለማን ልንገር?» እናቴ እንግሊዝኛው ባይገባትም ወደ ሊን ሄዳ ጀርባዋን ማሻሸት ጀመረች። እኔ የማደርገው ስላጣሁ የሊንን ሳሙና ቀድቼ ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩላት።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ መደበቅ አልተቻለም፤ እትዬ ፋጡማ በየቀኑ በእጃቸው ካሜራ እየሠሩ ይጠይቁኝ ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ እኛ ቤት ተሰበሰብን። የእህታቸውን ፎቶ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ማሞቂያውን ከሱሪው በላይ ሲያዩ ሳቁ፤ የእህታቸውን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ጣታቸው ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ሄደና ከግድግዳው በላይ ያለው ባዶ ሰማይ ላይ ቆመ። ሊንን አንድ ነገር ጠየቋት። ሊን ቶሎ መለሰች፤ ጎረቤቶቹ ጣሪያ እያሳደሱ ነው እንዳለቻቸው በኋላ ነግራኛለች። አሮጊቷ ልጃቸውን አላመኑም፤ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። የሚያውቁትን እንጂ የማያውቁትን የሚጠይቅ ዓይን አልነበረም። እኔ ሻዩ ላይ አቀረቀርኩ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ በረጅም ትንፋሽ። እናቴ ሰምታው ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ልሂድ ማለት ጀመሩ። ሊን ሐኪሞቹን ጠየቀች፤ እዚያም ማሽን አለ፣ የሚያሻግራቸው ግን አልነበረም፤ ልባቸው ስለደከመ ያን የሚያህል በረራ አይችሉም ተባለች። እናቴ የሚወዱትን ሾርባ በየሁለት ቀኑ እየሠራች ታወርድላቸዋለች፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይመልሱታል። አባቴ ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ ይቆይና «ኤርፖርት ድረስ እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቼ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ይላል፤ ችግሩ ከኦሮራ እስከ ኤርፖርት ያለው መንገድ ይመስል። ማንም አያርመውም ነበር። እሱ ያለው መኪና ነው፣ የሚሰጠው ያንኑ ነው።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሳምንት ነጩ ሚኒባስ ወስዷቸው አልመለሳቸውም። ሆስፒታል ውስጥ፣ ሊን እጃቸውን ይዛ፣ አረፉ። ያጠቧቸው እናቴና የመስጊዱ ሴቶች ናቸው፤ እናቴ ተመልሳ ስትነግረኝ እንደ ልጅ ይቀሉ ነበር አለች። መቃብራቸው ዴንቨር ዳርቻ፣ ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ላይ ነው፤ አባቴ ከሶማሌዎችና ከሐበሾች ጋር ሆኖ አፈር አለበሳቸው። ከቻይና ወገን ሊንና ትንሽ ልጇ ብቻ ነበሩ።

ለእህታቸው መንገር ቀረ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ እዚያ ሲነጋ፣ ሊን እናቴና እኔ አብረናት እንድንሆን ጠራችን። የመስጊዱ በር ላይ ያለው ሥጋ ቤት ስልክ ነበረው፤ ደውላ አክስቷን እንዲጠሩላት ለመነች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከወዲያ የአሮጊት ድምፅ ሲመጣ ሊን አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ምን እንደምታደርገው የጠፋት ሆና፣ ወደ እናቴ ዘረጋችው።

እናቴ ተቀበለቻት። ሻሿን አስተካከለች፣ የሚያዩዋት ይመስል። «አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ አይሻ» አለች። ከወዲያ ሰላምታው ተመለሰ። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን ቃል። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ከስልኩ የሚመጣው ለእኔም ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ያ ድምፅ፣ በቻይናኛ አፍ፣ ቃሉን አንድ በአንድ መለሰው። ከዚያ በኋላ የሚሉት አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ግን ስልኩን አልዘጉም። ውጭ እስኪጨልም እናቴ ቆማ ያንን ዝምታ አዳመጠች።

ሊን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደች፤ መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ኋላ ተጠፋፋን። እናቴ ዛሬ ሴንቴኒያል በምትባለው የዴንቨር ዳርቻ ከተማ እኔ ዘንድ ናት፤ ጆሮዋ ስለደከመ የልጆቼን እንግሊዝኛ ቀርቶ የእኔን አማርኛም አትሰማም። ከዓመታት በኋላ ያንን ሰፈር በኮምፒውተር ፈልጌዋለሁ። ሐይቁ አለ፣ ማማዎቹ አሉ፣ ያኔ ቀለማቸው ያልደረቀው ሁለቱ በሮች ሰው ፎቶ የሚነሣባቸው የከተማው መለያ ሆነዋል፤ ከእነሱ ወዲያ የመስታወት ሕንፃ፣ የገበያ አዳራሽ፣ ሰፊ መንገድ። ጣቴን ከሐይቁ አንስቼ በማማዎቹ መሃል አሳልፌ ስሄድ የማርፍበት ቦታ አላገኘሁም። ያየሁትን ከተማ የምትመሰክርልኝ ሻዎ ሜይ ነበረች፤ የእሷንም ሙሉ ስም አላውቀውም።

እትዬ አይሻ ቤቱን የለቀቁት ስልኩ በተደወለበት በዚያው ሳምንት እንደነበረ ሊን ነግራኛለች። ማንም አልገፋቸውም። ጠዋት ተነሥተው ልብሳቸውን ጠቀለሉና ለአጎቷ ልጅ አሁን ውሰደኝ አሉት። በሩን ሳይቆልፉ ነው የወጡት።